ሰዓት ፊርማ በሌለበት

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ተወሰነ። እኔ ባለሁበት መሥሪያ ቤት ብዙዎች ውሳኔውን የሰሙት እንደ ዓመት ፈቃድ ነበር። እውነት ለመናገር፣ ፋይሉ መዝገብ ቤት፣ ማኅተሙ ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ፣ ኢንተርኔቱም ቢሮ ነው። ደግሞም ለዓመታት የተለካነው በሥራችን ሳይሆን ጠዋትና ማታ በምንፈርመው ሰዓት ፊርማ ነው። ፊርማው ሲቀር ሥራውም የቀረ መሰለ።

እኔ ግን የዘጠኝ ወሩ ሪፖርት ደርሶብኝ ነበር። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፤ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እርሱም ከልጆቹ ጋር እቤት ዋለ። ጌታን የሚወድ ሰው ነው፤ ሆኖም ወረቀቶቼን እንደዘረጋሁ፣ “ዛሬማ እቤት አይደለሽ እንዴ?” እያለ ምሳ ይጠብቃል። ቢሮ ስውል ጠይቆኝ አያውቅም!

አንድ ማታ ቆላስይስ 3ን አብረን አነበብን። ጳውሎስ ለሰው ዐይን ብቻ መሥራትን የከለከለው ባሪያዎችን ነው፤ ደመወዝተኛማ እንዴት አይብስበት? ከጸለይን በኋላ፣ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት የመኝታ ቤቱን በር ዘግቼ እንድሠራ ተስማማን። ልጆቹን እርሱ ያዘ። ሽሮውንም ሠራ፤ ቀጥኖ ነበር፣ በላነው።