«ኢና ኳና»፦ ሐውሳን በኢንተርኔት ስማር ያየሁት

ከእኛ ቤት ሥር ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጎረቤቶቻችን ከካኖ የመጡ ናይጄሪያውያን ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት የባልየው እናት የልጅ ልጅ ሊያዩ መጥተው ስድስት ወር ቆዩ። እንግሊዝኛ አይችሉም። እኔ ላስ ቬጋስ ውስጥ ሌሊት ታክሲ ነድቼ ጠዋት ስገባ፣ እሳቸው ፀሐይዋ ሳትበረታ ደረጃው አጠገብ ወንበር አውጥተው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ እላለሁ፤ እሳቸውም ፈገግ ይላሉ፤ በቃ። በእኛ ወግ እንዲህ ያሉ እናት «እንዴት አደሩ» ሳይባሉ አይታለፉም። ሐውሳ ለመማር የተነሣሁት ለዚህች አንዲት ሰላምታ ነው። አሁን በቂ እሰማለሁ፣ ቀስ ብዬም እናገራለሁ። አስተማሪዬ በአብዛኛው ስልኬ ነበር፤ የምማረውም ኤርፖርቱ ታክሲ መጠበቂያ ላይ ተራዬ እስኪደርስ ነው። እንደ እኔ መማር ለሚፈልግ ሰው ያየሁትን ላካፍል።

ከእንግሊዝኛ አትነሡ

ትልቁ ስሕተቴ ይህ ነበር። መጀመሪያ የከፈትኩት ትምህርት «ኢና ኳና» ማለት «ጉድ ሞርኒንግ» ነው አለኝ፤ እንደዚያው ሸመደድኩት። ከሳምንታት በኋላ ሚስዮናዊው ጂ.ፒ. ባርገሪ እ.ኤ.አ. በ1934 ያሳተሙትን፣ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኘውን ትልቅ መዝገበ ቃላት ስከፍት «ኳና» ማለት ማደር መሆኑን አየሁ። «ኢና ኳና» የእኛው «አዳር እንዴት ነው» ነው! ከሰዓት በኋላ የሚባለው «ኢና ውኒ» ደግሞ ውሎን የሚጠይቅ ነው። እንግሊዝኛ ለ«አደረ» እና ለ«ዋለ» አንድ አንድ ቃል የለውም፤ አማርኛና ሐውሳ አላቸው። ለራሴ ቋንቋ ቅርብ የሆነውን ነገር በሩቅ አገር ዞሬ ስፈልገው ነበር።

መቀራረቡ በሰላምታ ብቻ አያበቃም። ሐውሳ ከቻዳዊ ቋንቋዎች ወገን ነው፤ አማርኛ ከሴማዊ። ሁለቱም ግን አፍሮ ኤሺያዊ በሚባለው አንድ ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። ዝምድናው ሩቅ ነው፣ ሆኖም አልጠፋም። «ሞተ» ለማለት ሐውሳ «ያ ሙቱ» ይላል። «ስምህ» ለማለት «ሱናንካ»፣ «ስምሽ» ለማለት «ሱናንኪ»። ግዕዝ ያጠና ሰው «ስምከ» እና «ስምኪ» ወዲያው ጆሮው ላይ ይደውሉበታል። «ካራንታ» ማንበብ ነው፣ «ማካራንታ» ትምህርት ቤት፤ «ኖማ» እርሻ፣ «ማኖሚ» ገበሬ። ከፊት የገባችውን «ማ» ከመኖሪያችን፣ ከመማሪያችን፣ ከመምህራችን «መ» ጋር አስተያዩአት። አሉታውም ልክ እንደ እኛ ግሱን ከፊትና ከኋላ ያቅፈዋል፦ እኛ «አላውቅም» ስንል «አል» እና «ም» እንደምንለው፣ እነሱ «ባን ሳኒ ባ» ይላሉ። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተጻፉት ትምህርቶች ይህን እንደ ከባድ ነገር ገጽ ሙሉ ያብራሩታል። እናንተ ግን ከእናታችሁ ጋር ስታወሩ ያደጋችሁበት ሥርዓት ነው።

ማስታወሻችሁን በፊደል ያዙ

ሐውሳ አሁን በብዛት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ «ቦኮ» ይሉታል። ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለው «ኬ» አለ። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ድምፅ ለማውጣት ብዙ ይለፋሉ፤ የእኛ «ቀ» ነው። በር «ቆፋ»፣ እግር «ቃፋ»። «ቲ» እና «ኤስ» ተጣምረው የሚጻፉት ድምፅ ደግሞ ወደ «ጸ» ነው የሚቀርበው፤ ወፍ «ጹንጹ»፣ ቁም «ጻያ»። ላቲኑ በሦስት ፊደል የሚጽፋቸውን «ኳ» እና «ጓ» የእኛ ፊደል በአንድ ይጽፋቸዋል። እንቁላል «ቋይ» ነው። በዚህ ምክንያት ደብተሬን ወደ ፊደል ቀየርኩት፤ ንባቤ የተስተካከለው ከዚያ ወዲህ ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ብዙ ሰው መንጠቆውን ትቶ ስለሚጽፍ «ኬ»ውና «ቀ»ው ይደባለቃሉ፤ በፊደል የያዘ ሰው ግን አይምታታበትም።

አማርኛ የሌለው አንድ «ደ» አለ፣ ወደ ውስጥ የሚሳብ። አፋን ኦሮሞ የምትችሉ ይኸው «ዸ» አላችሁ፤ ክፍል «ዻኪ» ነው። የእሱ ወንድም የሆነውን «በ» ግን የምጽፍበት ፊደል ስላጣሁ ከሥሩ አሰምርበታለሁ።

ፊደል የማይዘውን ጆሮ ይያዝ

የሐውሳ ድምፅ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በዚያም ትርጉም ይለወጣል። አናባቢውም ይረዝማል፣ ያጥራል። ቦኮ ሁለቱንም አያሳይም፤ የእኛም ፊደል አያሳይም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይለይ «ገና» የተጻፈው በዓሉ ይሁን «እስካሁን ያልሆነ» የምናውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። የሐውሳ ሰውም ጽሑፉን ሲያነብ እንዲሁ ከልቡ ይሞላዋል። ተማሪ የሚሞላበት የለውም።

አንድ ቀን ምራታቸው ወጥ በሳህን ላኩልን። ከባኦባብ ቅጠል ዱቄት የሚሠራ «ሚያር ኩካ» የሚባል ወጥ ነው፤ ባኦባብ በእኛም አገር በተከዜ በረሃ አለ። በማግስቱ እናትየዋን ላመሰግን «ና ጎዴ» ብዬ ወጡን በስሙ ጠራሁ። ራሳቸውን ነቀነቁና እጄን ያዙ። በሌላው እጃቸው ዓይናቸውን እያሹ «ኩካ» አሉ፣ ሁለቱንም ቀለም እኩል ከፍ አድርገው፤ ለቅሶ ማለት ነው። ቀጥለው ድስት እንደሚያማስል ሰው እጃቸውን አዞሩና «ኩካ» አሉ፣ ሁለተኛውን ቀለም ዝቅ አድርገው፤ ዛፉ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ደገሙልኝ። እስካሁን ያን ቃል ስሰማ የእጃቸው ዙረት ይታየኛል።

ስለዚህ ቃልን በጽሑፍ ብቻ አትማሩ። ሎስ አንጀለስ ያለው ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ፣ የቻዳዊ ቋንቋዎች ሊቅ የነበሩት ራስል ሹ ያስተማሩበት፣ «ሐውሳር ባካ» የተባለ የቪዲዮ ትምህርት አለው። ስሙ «የአፍ ሐውሳ» ማለት ነው። ሰዎች ገበያ ሲገበያዩ፣ ሲጨዋወቱ ታያላችሁ፤ ንግግሩም ተጽፎ ተቀምጧል። አንዱን ቁራጭ ሳምንት ሙሉ እየደጋገምኩ ሰምቻለሁ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 ለዲፕሎማቶቹ ያዘጋጀው ኮርስም በነፃ ይገኛል፤ አሰልቺ ነው፣ ለጆሮ ልምምድ ግን የሚተካከለው አላገኘሁም።

ዜናውን መጀመሪያ በአማርኛ

ቢቢሲ በሐውሳ ማሰራጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ በአማርኛ በ2017። ዶይቼ ቬለ በሐውሳ በ1963፣ በአማርኛ በ1965 ጀምሯል። እኔ አንዱን የዓለም ዜና መጀመሪያ በአማርኛው ገጽ አነባለሁ፣ ከዚያ ያንኑ ወሬ በሐውሳው ገጽ እፈልጋለሁ። ምን እንደሆነ አስቀድሜ ስለማውቅ የማላውቃቸው ቃላት ትርጉማቸውን ራሳቸው ይነግሩኛል። መሐል ላይ እንግሊዝኛ አልገባም። ከሃያ እስከ ዘጠና ያሉት አሥሮችና የሳምንቱ ቀናት ደግሞ በአንድ ማታ ያልቃሉ፤ በዐረብኛ በኩል የመጡ ስለሆኑ «አርባኢን» አርባ፣ «ሐምሲን» ሃምሳ፣ «ላራባ» ረቡዕ፣ «አልሐሚስ» ሐሙስ መሆናቸውን ማንም አይስተውም።

ገንዘባችሁን ያዙ

አንድ መተግበሪያ ለዓመት አስከፍሎኝ የፍራፍሬና የቀለም ስም ብቻ አስተማረኝ። አንድ የትርጉም መሣሪያም «ስምሽ ማን ነው» ብዬ ስሰጠው ለወንድ የሚባለውን አወጣልኝ። አማርኛውም ሐውሳውም ወንድና ሴት እየለዩ፣ ልዩነቱ መንገድ ላይ ጠፋ። ከነዚህ ይልቅ ዩቲዩብ ላይ «ካኒዉድ» የሚባሉት የሐውሳ ፊልሞች፣ የአረዋ24 ቴሌቪዥን «ዳዲን ኮዋ» ድራማም አለላችሁ። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጋችሁ እዩ።

ሰው ፈልጉ

ይህ ከሁሉ በላይ ነው። ሐውሳ ተናጋሪ ከናይጄሪያና ከኒጀር ውጭም ሞልቷል፤ በመተማ አድርገው ገዳሪፍ የደረሱ ወገኖቻችን ሱዳን ውስጥም ሰምተውታል። ቬጋስ ውስጥ እኛ ብዙ ነን፤ ቀኑን ሙሉ አማርኛ ብቻ እያወሩ መዋል ይቻላል። በራችን ላይ ያለውን ጎረቤት የማናውቀውም ለዚህ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ቀን «ኢና ኳና፣ ሐጅያ» ስላቸው መቁጠሪያውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ላፍያ ላው» አሉ፤ ደህና ነኝ ማለት ነው። «አንቺ» ልበል «እርስዎ» ብዬ ስጨነቅ ሰንብቼ ነበር፤ ሰላምታው ግን ተውላጠ ስም አያስፈልገውም፣ አክብሮቱን «ሐጅያ» የሚለው መጠሪያ ይዞታል። እሳቸው በተራቸው ቤቱን፣ ሥራውን፣ ቤተሰቡን፣ በመጨረሻም ድካሙን ጠየቁኝ፤ «ኢና ጋጂያ?» አሉ። እኛስ ሰላምታችን መቼ በአንድ ቃል ያልቃል? «ባ ጋጂያ» ብዬ መለስኩ፤ ድካም የለም። አሥር ሰዓት ሙሉ ስነዳ ያደርኩ ሰው ነበርኩ።

ሐጅያ ወደ ካኖ ከተመለሱ ቆዩ። አሁን በዋትሳፕ ድምፅ እንላላካለን። በክረምት ካኖ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን ቬጋስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ባለፈው እኔ መጠበቂያው ላይ ተሰልፌ «ኢና ኳና» ብዬ ላክሁላቸው፤ ለእሳቸው ነግቷልና። መልሳቸው መጣ፦ «ላፍያ ላው»። ትንሽ ዝም አሉና «ኢና ውኒ?» ብለው ውሎዬን ጠየቁኝ። የእኔን ሰዓት ቆጥረው ነው።