መሰላሌን የወረሰው ክሬን

በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ላይብረሪ ስሠራ ክሬኑም፣ ሊፍቱም፣ ኮምፒውተሩም እኔው ነበርኩ። ተማሪው ብጣሽ ወረቀት ላይ የመጽሐፉን ቁጥር ጽፎ ይሰጠኛል፤ እኔ መሰላሌን እየጎተትኩ መደርደሪያው ውስጥ እጠፋለሁ። አቧራ ቅሜ፣ መጽሐፉን ብብቴ ሥር ይዤ ስመለስ ወረፋው በሩን አልፎ ሄዷል!

የካርዱ ነገር ደግሞ! ለአንድ መጽሐፍ ቢያንስ ሦስት ካርድ እንተይባለን፤ አንዱ በደራሲው፣ አንዱ በርዕሱ፣ አንዱ በትምህርቱ ዓይነት። ማንም መንጭቆ እንዳይወስዳቸው በታችኛው ጠርዛቸው ቀዳዳ ረጅም ዘንግ ይገባና መሳቢያው ውስጥ ይታሰራሉ። ፈረንጁን በቤተሰቡ ስም፣ የእኛን ሰው በራሱ ስም እናስገባለን። ሐዲስ ዓለማየሁን «ዓ» ላይ ሲፈልግ የዋለ ተማሪ ተስፋ ቆርጦ ሊወጣ ሲል ጠርቼ «ሐ» መሳቢያ ፊት ያቆምኩት ስንቱን ነው! «ኃይሉ» የሚባል ደራሲ ከመጣማ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሦስቱንም መሳቢያ መጎርጎር ነው። ሜልቪል ዲዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የቁጥር ሥርዓት እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣው ነበር። የኢትዮጵያ ታሪክ 963! ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ እንኳ አልስትም።

ተማሪዎቹ ግን ከዲዊም ከእኔም የረቀቀ ዘዴ ነበራቸው። ለፈተና የሚፈለገው መጽሐፍ አንድ ቅጂ ብቻ ከሆነ፣ ቀድሞ የገባው ብልጥ አንብቦ ሲጨርስ ነገም እሱው እንዲያገኘው ሳይመልስልኝ በንባብ ክፍሉ ክፍት መደርደሪያ ውስጥ ይሸሽገዋል። የተወደደው መሸሸጊያ የሌኒን ሙሉ ሥራዎች ነበሩ። 45 ጥራዝ፣ ግድግዳ የሚያህል! ከነዚያ ጀርባ ካልኩለስም፣ አናቶሚም፣ አካውንቲንግም አውጥቻለሁ። ሌኒንን ለማንበብ ብሎ ከዚያ የሚደርስ ስላልነበረ መጽሐፉ እዚያ ከርሞም ቢሆን አንድም ሰው አይነካውም።

አሁን ዝለሉና ቺካጎ ግቡልኝ። ልጄ የምትማርበት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ2011 እ.ኤ.አ. ማንሱዌቶ የሚባል ላይብረሪ ከፍቷል። ሄልሙት ያን የነደፈው የመስታወት ጉልላት ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ሣር ላይ የተደፋ ትልቅ አክንባሎ ይመስላል። ውስጡ ስገባ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ሰማይ! መደርደሪያ የሚባል ነገር ግን የለም። «መጽሐፎቹስ?» ብዬ ብጮህ ልጄ ጣቷን ወደ እግራችን ቀሰረች። ከወለሉ ሥር 15 ሜትር ያህል ወደ ታች ተቆፍሮ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ጥራዝ የሚይዝ ጓዳ ተሠርቷል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መጽሐፍ ሲበዛባቸው ከግቢ ውጭ መጋዘን ሲያስቀምጡ፣ እነዚህ ግን ከአንባቢው አናርቅም ብለው መሬቱን ቆፈሩ።

ልጄ አንድ የቆየ የታሪክ መጽሔት ጥራዝ በስልኳ አዘዘች። ታች አምስት ክሬኖች አሉ፤ አንደኛው በሐዲዱ ሮጦ፣ የብረት ሳጥኑን ስቦ፣ ወደ ላይ ይልከዋል። በአማካይ አምስት ደቂቃ ይፈጃል ተባልኩ። አምስት! እኔ በአምስት ደቂቃ መሰላሌንም አልተክልም ነበር።

ዲዊን ከመቃብሩ የሚያስነሳው ግን ሌላ ነው። እዚያ ታች መጻሕፍቱ የሚቀመጡት በመጠናቸው እንጂ በትምህርታቸው ዓይነት አይደለም! ቁመታቸው ከገጠመ የወጥ ቤት መጽሐፍ ከሥነ መለኮት ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ያድራል፤ ማን የት እንዳለ የሚያውቀው ባርኮዱን ያነበበው ኮምፒውተር ብቻ ነው። አንድ ዕድሜ ሙሉ ጎረቤት ከጎረቤት ያስማማሁበት ሥራ በአንድ ጊዜ ሲናድ ልናደድ ሲገባኝ ሳቄ አመለጠኝ። እዚያ ጓዳ ተማሪ ስለማይገባ ካልኩለስን ሌኒን ጀርባ የሚሸሽግ ሰው የለማ!

«እማዬ፣ ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው እያየን ነው!» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ «ዝም በሉ!» ያልኩ ሴት በገዛ ልጄ ዝም ተባልኩ።

ለነገሩ ቦታው ራሱ ለመደንፋት የተሠራ ነው። በመተላለፊያ የተያያዘው ትልቁ ሬገንስታይን ላይብረሪ የቆመው ኤንሪኮ ፌርሚ እና ባልደረቦቹ ዲሴምበር 2 ቀን 1942 የመጀመሪያውን ቁጥጥር ያለበት የኑክሌር ሰንሰለታዊ ሂደት ባስጀመሩበት በአሮጌው ስታዲየም ቦታ ላይ ነው። እዚያ መደርደሪያው አሁንም ክፍት ነው። ሮጬ ገብቼ ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ጎረቤቱ፣ ከጎረቤቱ ወደ ማዶኛው እየተሳብኩ የመጣሁበትን እስክረሳ ዋልኩ። ክሬኑ የጠየቁትን ብቻ ነው የሚያመጣው፤ ያልጠየቁትን የሚሰጥ መደርደሪያ ነው።

ማታ ቁጭ ልበል ብዬ ወንበር ስፈልግ ባለቤት የሌለው ጃኬት፣ ባለቤት የሌለው ቦርሳ፣ ባለቤት የሌለው ቡና በየወንበሩ ተቀምጦ አገኘሁ። ወይ የተማሪ ነገር! የእኔዎቹ መጽሐፉ አንድ ስለነበር መጽሐፉን ደበቁ፤ የዛሬዎቹ መጽሐፉ ሚሊዮን ሲሆን ወንበሩን ደበቁ። አንዱን ጃኬት በወጉ አጣጥፌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ተቀመጥኩ። ልጄ «እማዬ፣ ተይ!» ትላለች፤ እኔ ግን የተደበቀ ነገር ከተደበቀበት ማውጣት ሙያዬ ነው።