ባዝ፣ ልጄና የድሮው የፍቅር መጽሐፌ

«ባዝ» ሲባል እርስዎም እንደ እኔ አስቀድመው የሚያስታውሱት ጃንሆይን ይሆናል። ከ1936 እስከ 1940 የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉበት ፌርፊልድ ሀውስ ዛሬም ከመሀል ከተማው ወጣ ብሎ ይገኛል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዝ አገር ከሄዱ ሳያዩት አይመለሱ። እኔን ግን ከልጄ ጋር ወደዚያ የወሰደኝ ሌላ ጉዳይ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቴ አንብቤ ያለቀስኩበትን የፍቅር ልብ ወለድ ልጄም በዚያው ዕድሜዋ አነበበችው። እሷ አላለቀሰችም። «እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች የሚያወሩት ስለ ፍቅር ነው ወይስ ስለ ገንዘብ?» አለችኝ።

ባዝ ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከተማው ከሞላ ጎደል ማር በሚመስል አንድ ዓይነት ድንጋይ የተሠራ ነው። እንግዳ ሁሉ ፎቶ የሚነሣው 30 ቤቶች በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ በተደረደሩበት በሮያል ክሬሰንት ፊት ለፊት ነው። እርስዎም ይነሡ። ከዚያ መጽሐፉን ይክፈቱ።

መጽሐፉ የጄን ኦስተን «ፐርስዌዥን» ነው፤ የታተመው ደራሲዋ በ41 ዓመቷ ባረፈችበት በ1817 መጨረሻ ላይ ነው። ዘመኑ ንጉሡ ታመው ልጃቸው በእንደራሴነት የገዙበት፣ ከ1811 እስከ 1820 ያለው ነው። አን ኤልየት በ19 ዓመቷ የምትወደውን የባሕር ኃይል መኮንን ሀብትም ወገንም የለውም ብለው አስጣሏት። ከስምንት ዓመት በኋላ ካፒቴን ዌንትዎርዝ 25,000 ፓውንድ ይዞ ተመለሰ። የሚታረቁት ባዝ ውስጥ ነው፤ ያኔ ያወጉበት ግራቭል ወክ የተባለው የእግር መንገድ ዛሬም አለ።

በልጅነቴ የታየኝ የዌንትዎርዝ ደብዳቤ ብቻ ነበር። አሁን ሳነበው የሚታየኝ የቤት ኪራይ ነው። የአን አባት ዕዳ ስለበዛባቸው ርስታቸውን አከራይተው ባዝ ይገባሉ፤ ያም ሆኖ ከፍ ያለ ሰፈር ካልሆነ አይሆንላቸውም። ሦስት ሴቶች ልጆች እያሏቸው ርስቱ የሚያልፈው ወንድ ለሆነው ዘመድ ነው። የአን የትምህርት ቤት ጓደኛ ወይዘሮ ስሚዝ ደግሞ ባል የሞተባት፣ በሽተኛና ችግረኛ ሆና ዌስትጌት በተባለው ሰፈር በርካሽ ክፍል ትኖራለች። በመጨረሻ ዌንትዎርዝ የባሏን ንብረት ከካሪቢያን ደሴቶች ያስመልስላታል። በዚህ ቦታ ያኔ «እሰይ!» ብዬ ነበር።

ዌስትጌት ስንደርስ ልጄ «ንብረቱ ምን ነበር?» አለችኝ። መጽሐፉ አይናገርም። ያኔ የእነዚያ ደሴቶች ሀብት ግን በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን የሚያለሙት ስኳር ነበር። እንግሊዝ የባሪያ ንግድን በ1807 ብትከለክልም ባርነትን ለማስቀረት ሕግ ያወጣችው በ1833 ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ለወይዘሮ ስሚዝ የተደሰትኩት በማን ላብ እንደሆነ አስቤ አላውቅም። እዚያ ቆሜ ለልጄ ስናገር አፈርኩ።

የጆርጄት ሄየርን መጻሕፍትም እወድ ነበር። ያንን ዘመን በ20ኛው ክፍለ ዘመን የፍቅር ልብ ወለድ መደብ ያደረገችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። በ1935 በወጣው «ሬጀንሲ ባክ» ጌታው ልጅቷን ሳትፈልግ ይስማታል፤ በኋላ አሳዳሪዋ መሆኑ ይታወቃል፣ ቀጥሎም ባሏ ይሆናል። ያኔ ይህ ወንድነት መስሎኝ ነበር! በ1950 በወጣው «ዘ ግራንድ ሶፊ» ውስጥ ደግሞ አይሁዳዊው አራጣ አበዳሪ የተሳለበት መንገድ ያሳፍራል። የቀረው ዛሬም ያስቀኛል፤ ለልጄ ግን ዝም ብዬ አልሰጣትም።

ኦስተንን ይበልጥ ያቆየልኝ የራሷ አድራሻ ነው። በ1801 ከወላጆቿና ከእህቷ ጋር ወደ ባዝ መጥታ ሲድኒ ፕሌስ ቁጥር 4 ገባች። በኋላ ወደ ግሪን ፓርክ ተዛወሩ። በ1805 መጀመሪያ አባቷ ሲሞቱ እናትና ሁለት ሴት ልጆች የወንዶቹን እጅ የሚጠብቁ ሆኑ። ጌይ ስትሪት ቁጥር 25፣ ከዚያም ትሪም ስትሪት። በ1806 ከተማውን ለቀው ሄዱ። አድራሻዎቹን በቅደም ተከተል በእግርዎ ይከተሏቸው፤ ግማሽ ቀን አይፈጅብዎትም፤ ከተማው ዳገታማ ስለሆነ ግን ጥሩ ጫማ ያድርጉ። ትሪም ስትሪት ስንደርስ ልጄ ስለ ገንዘብ የጠየቀችኝን አልደገመችውም።

ማታ ባቡሩ ላይ ቀና ብዬ ሳይ ደብዳቤው ያለበትን ምዕራፍ ይዛለች።

«ስለ ገንዘብ ነው ብለሽ አልነበር?» አልኳት።

«ቆይ እማዬ፣ ልጨርስ» አለችኝ።