59 በመቶ የሚወድቅበት አገር

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። የትኛውን ዓይነት ጋሼ እንደምል ታውቃላችሁ። ማቶቱ ጠፍቶ ጀበናው ምን ላይ ተቀምጦ ባገኘው ጥሩ ነው? ሦስት ያልተከፈቱ የባሎት ፖስታዎች ላይ! የሳቸው፣ የእትዬና የትልቁ ልጃቸው። ኪንግ ካውንቲ የሚለው ጽሑፍ ላይ የጀበናው ቂጥ ጥቁር ክብ ሠርቶበታል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የትምህርት ቤቱ ቦንድ ነው» አልኳቸው።

«ደግሞ ሌላ ቦንድ? የዓባይን ገዝቼ፣ ግድቡም አልቆ ሲመረቅ አይቼ፣ ከዚህ በኋላ ምንም አልገዛም!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ንዴቱ የመጣው መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።

ልጆቻችሁ ፖርተብል ውስጥ የሚማሩ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም። የኔዋ ሽንት ቤት ለመሄድ ጃኬት ለብሳ፣ ኮፍያ አጥልቃ፣ በዚህ በሲያትል ዝናብ ግቢውን ታቋርጣለች። ጊዜያዊ ክፍል ነው ተብሎ ነበር የተነገረን። ታላቅ ወንድሟም እዚያው ጊዜያዊ ክፍል ውስጥ ተምሮ፣ ጨርሶ፣ አሁን ጢም አብቅሏል።

ይሄ የዋሽንግተን ስቴት ደግሞ አንድ ጉድ አለው። የትምህርት ቤት ሕንፃ ቦንድ እንዲያልፍ 60 በመቶ ድጋፍ ይፈልጋል። ፕሬዚዳንት በዚያ ስሌት ቢመረጥ ኖሮ ኋይት ሀውስ ባዶውን በከረመ። 59 ሰው ይሠራ ሲል 41 ሰው አይሠራም ካለ፣ አሸናፊው 41 ነው! የሃይላይን ትምህርት ቤት ዲስትሪክት ሰዎች ያውቁታል። የቡሪየንና የሲታክ ሰዎች በ2014 መጨረሻና በ2015 መጀመሪያ ሁለቴ ድምፅ ሰጥተው፣ ሁለቴም ከግማሽ በላይ ሕዝብ ደግፎት፣ 60 ስላልሞላ ቦንዱ ወደቀ። ያለፈው በ2016 ነው፤ 299 ሚሊዮን ዶላር። በ1924 የተሠራው ሃይላይን ሃይስኩል ፈርሶ አዲሱ የተከፈተው በ2021 ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በመጀመሪያው ድምፅ ጊዜ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ፣ ሕንፃው ሲከፈት ስምንተኛ ክፍል ደርሷል።

ስቴቱ ራሱ አይሠራም ወይ የምትሉም አላችሁ። ዋኪያከም የምትባል ትንሽዬ የገጠር ዲስትሪክት ይህንኑ ብላ ስቴቱን ከሳ ነበር። የዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 የሰጠው መልስ በአጭሩ፣ የሕንፃው ወጪ እንደ መምህር ደሞዝ የስቴቱ ግዴታ አይደለም የሚል ነው። ስለዚህ ዞሮ ዞሮ ጉዳዩ የሚመለሰው ጀበናው ሥር ወዳለው ፖስታ ነው።

ቆይ፣ ስለ መዋጮ ካነሳን አንድ ነገር ልተንፍስ።

ልጅ ሆኜ (የት እንደሆነ ይቅር፣ ዳይሬክተሩ ፌስቡክ ላይ አሉ) ለአዲስ መማሪያ ክፍል ማሠሪያ ተብሎ በየልጁ ብር ተጠየቀ። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ያላመጣችሁ ወደ ፊት ውጡ ይባላል። እናቴ «ከነገ ወዲያ በይ» ብላ ትልከኛለች። ወጥቼ እቆማለሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ አብራኝ ትቆም ስለነበር ያ ትንሽ ያጽናናኝ ነበር፤ አባቷ ረስቶ ነው፣ የኛ ግን አልተረሳም። በመጨረሻ ተከፈለ። ሲሚንቶም ተገዛ፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጋሪ ነው የገባው። ከዚያስ? ክረምት ገባ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጣሪያ አፈሰሰ፣ ሲሚንቶው ከነከረጢቱ ድንጋይ ሆነ። ወንበር ያልደረሰን ልጆች ያን ድንጋይ እያንከባለልን አስገብተን ተቀመጥንበት። እናቴ ያዋጣችለት ክፍል ውስጥ ሳይሆን ባዋጣችው ሲሚንቶ ላይ ቁጭ ብዬ አማርኛ ተምሬያለሁ። ወላጅ ተሰብስቦ ብሩ የት ደረሰ ብሎ ሲጠይቅ አላየሁም። ማን ደፍሮ?

እዚያ መጠየቅ አልተቻለም፣ እዚህ ግን የሚጠይቁት እኛን ነው፤ ለዚህ ነው የጋሼ ቀልድ የነከሰኝ። ሕዝባችን ለሕንፃ አይከፍልም እንዳልል፣ ውሸት ነው። ግድቡ መጋቢት 2003 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ሲጀመር አገር ቤት የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደሞዙን ሰጠ። እዚህ አሜሪካም ከ3,100 በላይ ሰው 5.8 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ቦንድ ገዝቷል። ቁጥሩን ከየት አመጣሽ ካላችሁ፣ ከአሜሪካ መንግሥት ነው፦ ቦንዱ እዚህ ሳይመዘገብ ተሸጧል ብሎ በ2016 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልን ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ሲያስከፍል የወጣ ቁጥር ነው። ጋሼ ሰርተፊኬታቸውን በፍሬም አድርገው ሳሎን ሰቅለውታል፣ ከልጃቸው የምረቃ ፎቶ ከፍ አድርገው። ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ስንገዛስ? አንድ ድፎ ዳቦ በጨረታ በሺህ ዶላር ሲሸጥ፣ የገዛው ሰው መልሶ ለጨረታ ሲያቀርበው፣ እንደገና ሲሸጥ፣ ሁላችንም እልል ብለናል። (ዳቦውን ማን እንደበላው እስካሁን አጣሪ ኮሚቴ አልተቋቋመም።)

የትምህርት ቤቱ ቦንድ ግን የሚጠይቀን አንድ ፊርማ ነው። ቴምብር እንኳ አይፈልግም፣ ፖስታው ተከፍሎበታል። እውነት ነው፣ ነፃ አይደለም፤ ዕዳው ለብዙ ዓመት ከፕሮፐርቲ ታክስ ላይ ይከፈላል፤ የዓባይን የገዛ ሰው ያበድራል፣ እዚህ ግን እኛው ነን ባለዕዳዎቹ። ተከራይ ነኝ አያገባኝም የምትሉም በኪራይ በኩል ይደርስባችኋል፣ አትሳሳቱ። ተነጋግራችሁ አይሆንም ካላችሁ አይሆንም በሉ፣ አከብራችኋለሁ። የሚያናድደኝ ዝምታው ነው። ቦንዱ እንዲጸና ባለፈው ጠቅላላ ምርጫ ከወጣው ሰው ቢያንስ 40 በመቶ የሚያህል ድምፅ መገኘት አለበት። ማለትም እቤት ቁጭ ብሎ ጀበና ማስቀመጥም ራሱ ሊጥለው ይችላል።

ደግሞ የሚያስቀው! ጋሼ ዋናው ቅሬታቸው «ታክሱ ገደለኝ፣ በጡረታ ነው የምኖረው» ነው። በዋሽንግተን 61 ዓመት የሞላው፣ በራሱ ቤት የሚኖር፣ ገቢው ከተወሰነው ጣሪያ በታች የሆነ ሰው፣ ሕዝብ በድምፁ ከሚያጸድቃቸው እንዲህ ካሉ ተጨማሪ ግብሮች ነፃ ነው። ካመለከተ! ጋሼ አመልክተዋል? «ማን ነገረኝ?» አሉ። ይህን የሚነግር ደብዳቤ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ምን ሥር እንዳለ አልጠየቅሁም።

ማክሰኞ የማመልከቻ ቅጹን ይዤላቸው እሄዳለሁ፣ እሱ ተስማምተናል። ባሎቱን ግን እሳቸውና እትዬ ራሳቸው ይሙሉት፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ልመርጥላቸው አይደለም፣ ነውርም ወንጀልም ነው።

ዜግነት የወሰዳችሁ ሁሉ፦ የባሎት ሳጥኑ የሚቆለፈው ማክሰኞ ልክ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። የሐበሻ ቀጠሮ አይሠራም፣ ለሠርግ ነው እሱ። ፊርማችሁን ደግሞ ስትመዘገቡ ከፈረማችሁት ጋር ያስተያዩታል፤ በአማርኛ ፈርማችሁ ከነበረ በአማርኛ ፈርሙ፣ አሁን ተነስታችሁ እንግሊዝኛ አትሞካክሩ።