የመሐሉ እይታ፦ የጀጎል ማስታወሻ

ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሬዲዮው ዛሬ የነጭ በትር ቀን መሆኑን ሲናገር እናቴ ቁርአኗን እያነበበች ነበር። «እኔን አይመለከተኝም፤ ይኸው አነባለሁ» አለች። እውነቷን ነው። ግላኮማ የበላባት የጎንና የታች እይታዋን ነው፤ መሐሉ አለ። ፊደል ትለያለች፣ ደጃፍ ላይ የተቀመጠውን ባልዲ ግን ትረግጣለች። ነጩ በትር ከፊል እይታ ላለው ሰውም እንደሚሆን ነገርኳት። «ሰፈሩ ምን ይላል?» አለች። አልገፋሁባትም። በትሩን የምትይዘው እሷ ናት፣ ወሬውንም የምትሸከመው እሷ።

ጥቅምት 12
ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ አንዲት የድሮ ወዳጃችን «እናትሽ ኮራችብን» አለችኝ። እናቴ በጎኗ አልፋ ሰላም አላለቻትም ነው የምትለው። በዚያው ቀን ደግሞ ሱቅ ውስጥ የፓስታውን ዋጋ ስታነብ አይታታለች፤ ቅሬታዋ የባሰው በዚህ ነው። እዚህ አገር ሰው ወይ ያያል ወይ ዓይነ ስውር ነው፤ መሐል ላይ ያለውን የሚቀበለው የለም። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ግን ዓይነ ስውራንን ከመቶ 1.6፣ እይታቸው የደከመውን ደግሞ ከመቶ 3.7 አድርጎ ነው ያገኛቸው። መሐል ላይ ያሉት ከእጥፍ በላይ ናቸው። ሐረር ላይ ሰላምታ መንፈግ ምን ማለት እንደሆነ ለምናውቅ፣ የእናቴ ዋናው ጉዳት ባልዲው አይደለም።

ኅዳር 3
ቡና በነጭ ስኒ ስትቀዳ አትስትም፤ ጥቁሩ ሲሞላ ይታያታል። ወተት የገባበት ሆጃ ሲሆን ግን ስኒውና መጠጡ አንድ ይሆኑባትና ይፈሳል። ለሆጃ ቡናማ ኩባያ ገዛንላት፤ አለቀ፣ ሌላ ብልሃት አላስፈለገም። መብራቱንም ከፊቷ አንስተን ከትከሻዋ በስተኋላ አደረግነው፤ ዓይኗን መውጋቱን ተወ።

ብሩ ነው ያስቸገረን። ሰማያዊው መቶና ሐምራዊው ሁለት መቶ በማታ መብራት አይለዩላትም። አሁን ሁለት መቶውን ሁለት ጊዜ አጥፋ ነው የምትይዘው፣ መቶውን አንድ ጊዜ። የዓይን ጠብታዎቿም ሁለት ናቸው፤ የማታው ጠርሙስ ላይ ላስቲክ ጠምጥመንበታል። በሁለቱ መካከል አምስት ደቂቃ መቆየት አለባት፣ አለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦት ይወጣል። አምስቱን ደቂቃ በዚክር ትቆጥረዋለች፤ ከእኔ ስልክ ይልቅ እሷ ትክክል ናት ብዬ አምናለሁ።

ታኅሣሥ 18
ከሐረር በር ወደ ፈረስ መጋላ የሚወስደው ሰፊ መንገድ አስጨናቂዋ ነው፤ ባጃጁ ከየት እንደሚመጣ አይታያትም። አንገቷን በዝግታ ከግራ ወደ ቀኝ እያዞረች መንገዱን መቃኘት እየለመደች ነው። ሰፈሩ እንግዲህ «ምን ትፈልጋለች?» ማለት ጀምሯል።

ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ግን ይመቿታል። ግንቡን በእጇ እየዳሰሰች ትሄዳለች። መገራ ወገር ኡጋ በሚባለው ጠባብ መንገድ ላይ ተጣልተው የተገናኙ ሰዎች እንኳ ሳይነካኩ አያልፉም ይባላል፤ እዚያ ማንም ከጎኗ ተሸሽጎ ሊቀር አይችልም፣ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው። ያንን መንገድ ስትመርጥ ያገኘችውን ሁሉ ሰላም ትላለች።

የካቲት 16
ለረመዳን ቤቱ ኖራ ተቀባ። የነደባዎቹም፣ የመቀመጫ መደቦቹ፣ ጠርዝ ቀይ ታደሰ፤ ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይላሉ ታላላቆቻችን። ለእናቴ ዓይን ደግሞ ከዚህ የተሻለ የደረጃ ምልክት መሐንዲስም አይሠራላትም፤ ነጩ ግድግዳ የት እንዳለቀ፣ ደረጃው የት እንደጀመረ ይታያታል።

ችግሩ ምንጣፉ ነው። አበባ የበዛበት ምንጣፍ ጠርዙን ሸፍኖ ሁሉንም አንድ ያደርገዋል። ይነሳ ስል «እንግዳ ባዶ ነደባ ላይ ልታስቀምጪ ነው?» ብላ ተቆጣች። በመጨረሻ ወደ ውስጥ አጥፈነው አንድ ስንዝር ቀይ ጠርዝ ወጣ። ምንጣፉ የተሸበሸበ ይመስላል፤ እሷም ለመጣው ሁሉ ይህን ያደረግሁት እኔ መሆኔን ትናገራለች።

የካቲት 20
ሐኪሙ ልጆቿ ሁሉ እንድንመረመር ነግሮን ነበር፤ ግላኮማ በቤተሰብ ይሄዳል፣ አብዛኛውን ጊዜም ሳያም ነው የሚጀምረው። የጠፋውን የሚመልስ ሕክምና የለም፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። ወንድሜ «ዓይኔ ደህና ነው» ይላል። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ በሐረሪኛ ምን እንዳለችው አልጽፍም። ከዒድ በኋላ እሄዳለሁ ብሏል፤ እኔና እህቴ የምንሄደው ነገ ጠዋት ነው።