«መጣ» ወይስ «መታ»? ስለ ጠባብ ጠረጴዛና ስለ ስፒከር

«ጥበቃው ቀድሞ መጣ።»
«ጥበቃው ቀድሞ መታ።»

በጽሑፍ ሲታዩ ልዩነታቸው የአንድ ፊደል ነው። ዜና ውስጥ ሲገቡ ግን የመጀመሪያው የአንድን ሰው መድረስ ይናገራል፣ ሁለተኛው ያንኑ ሰው በድብደባ ይከሳል። የዓይን እማኝ በስልክ የሰጠው ቃል ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ይህን ሁሉ ልዩነት የሚሸከመው በ«ጠ» እና በ«ተ» መካከል ያለች፣ ብልጭ ብላ የምትጠፋ ትንሽ ፍንዳታ ናት። እሷ ካመለጠች አንድ ሰው ያላደረገውን አደረገ ይባላል፤ ወይም ያደረገው ይሸፈንለታል።

ሌላም አለ። አማርኛ መጥበቅና መላላትን በፊደል አያሳይም። «ኃላፊው አሉ» ላልቶ ሲነገር «ተናገሩ» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር «ይገኛሉ» ማለት ነው። ወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። የሚለያቸው ጆሮ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከቃለ መጠይቅ እንጀራውን ለሚያበስል ሰው «ስፒከሩ ምን ዓይነት ነው? የትስ ተቀምጧል?» የሚለው ጥያቄ የሙዚቃ አፍቃሪ ቅንጦት አይደለም። የሙያ ጥያቄ ነው። ነገሩ ግን ከካሜራና ከማይክ ያነሰ ክብር ተሰጥቶት ቆይቷል። ለመቅጃው ብዙ ይጨነቃሉ፤ የተቀዳውን የሚሰሙበትን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

አዲስ አበባ ውስጥ በግሉ የሚሠራ ጋዜጠኛ ቢሮው አብዛኛውን ጊዜ መኝታ ቤቱ ነው። ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ወይም ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል እናስብ። ጠረጴዛው አንድ ሜትር በሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። ላዩ ላይ ላፕቶፕ፣ ከጎኑ የተገዛ ስክሪን፣ ራውተር፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ፓወር ባንክ፣ የቡና ስኒ፣ የወረቀት ክምር። ስፒከር የሚቀመጠው ከእነዚህ ሁሉ በተረፈው ቦታ ነው። አንዱ ከስክሪኑ ጀርባ ይወሸቃል፣ ሌላው መስኮቱ ደፍ ላይ ይወጣል። ከዚያ ድምፁ አልሰማ ሲል ባለቤቱ ቮሊዩም ይጨምራል።

ቮሊዩም መጨመር የለመድነው መድኃኒት ነው። ትልቁን ድምፅ ማጉያ ሁሉ «ሞንታርቦ» የምንለው ከአንድ የጣሊያን አምራች ስም ወስደን ነው። ስሙ ከሰርግ ድንኳን እስከ ሱቅ በር ድረስ ለምዶ የራሳችን ሆኗል። ከስሙ ጋር አንድ እምነትም አብሮ ገብቷል፦ ጥሩ ድምፅ ማለት የሚጮህ ድምፅ ነው የሚል። ከርቀት ሰው ለመጥራት ይህ ያስኬዳል። ሰባ ሳንቲም ርቀት ላይ ተቀምጦ «መጣ»ን ከ«መታ» ለመለየት ግን አይረዳም።

ሻጮችም ይህን እምነት ያውቁታል። መርካቶም ሆነ መገናኛ ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት፣ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ስፒከር ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ከቁጥሩ አጠገብ በትንሹ «ፒ ኤም ፒ ኦ» የሚል ይገኛል። ይህ አምራቹ እንደፈለገ የሚያሰላው፣ ለቅጽበት ይደረስበታል የሚባል ጣሪያ ነው፤ የሚያስገድድ መለኪያ የለውም። እውነቱን ለማወቅ ኤሌክትሪኩን መከተል ይበቃል። ስፒከሩ ኃይል የሚወስደው ከተለመደው የኮምፒውተር ዩ ኤስ ቢ 2.0 ቀዳዳ ከሆነ፣ ያ ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው 5 ቮልትና 0.5 አምፔር ነው። ሲባዛ 2.5 ዋት። 2.5 ዋት ገብቶበት 1000 ዋት በቋሚነት የሚያወጣ ዕቃ እስካሁን አልተፈጠረም። ገዢው ማየት ያለበት «አር ኤም ኤስ» ተብሎ የሚጻፈውን፣ ሳይቋረጥ የሚሰጠውን ኃይል ነው።

ደስ የሚለው ነገር ለጠባብ ጠረጴዛ ብዙ ዋት አያስፈልግም። ክፍት ቦታ ላይ ከድምፅ ምንጭ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ6 ዲሲቤል ይጨምራል። ይህን ያህል ጭማሪ በማጉያ ለማግኘት አራት እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። በክፍል ውስጥ ግድግዳው ሒሳቡን ትንሽ ቢለውጠውም መሠረቱ ያው ነው። ወንበርን ከ140 ሳንቲም ወደ 70 ሳንቲም ማስጠጋት ገንዘብ አያስወጣም፤ አራት እጥፍ ዋት ግን ያስወጣል።

ይህን ችግር ከአዲስ አበባው ጋዜጠኛ በፊት የተጋፈጡት የሬዲዮ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የብሪታንያው ቢቢሲ ከስቱዲዮ ውጭ ለሚቀረጹ ፕሮግራሞች የሚጠቀምባቸው መኪኖች ውስጥ ትልቅ ስፒከር የሚገባበት ቦታ አልነበረም። የቢቢሲ መሐንዲሶች ቁመቱ 30፣ ወርዱ 19፣ ጥልቀቱ 16 ሳንቲም ገደማ የሆነ «ኤል ኤስ 3/5ኤ» የተባለ ሳጥን ሠሩ። ጮክ ብሎ አይጮህም፤ ከባድ ባስም የለውም። የተመሰገነው በሰው ድምፅ ነው። ከመኪና ጓዳ ወጥቶ በብዙ ሰዎች ቤት የገባው በዚሁ ነው። ቦታ ሲጠብ ከምን ላይ እንደሚቀነስ የወሰኑት አውቀው ነው፤ ጩኸቱን ቀነሱ፣ ንግግሩን ጠበቁ። የእኛ የሱቅ ካርቶኖች የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው።

እንግዲህ ምን ይገዛ? ሁለት ነጠላ ስፒከሮች፣ እያንዳንዳቸው በክንድ መካከል የሚታቀፉ ያህል ወይም ከዚያ ያነሱ። የባስ መተንፈሻ ቀዳዳቸው ከኋላ ሳይሆን ከፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ጠረጴዛው ከግድግዳ ጋር ስለተጣበቀ የኋላው ቀዳዳ የሚተነፍስበት ቦታ አያገኝም። ግንኙነቱ በገመድ ይሁን። ብሉቱዝ ድምፁን ስለሚያዘገይ ቪዲዮ ለሚቆርጥ ሰው ከንፈርና ቃል ይለያዩበታል። ለብቻው የሚሸጠው ወፍራም የባስ ሳጥን ይቅር፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከንግግሩ ይልቅ የጎረቤቱን ሳህን ነው የሚያንቀጠቅጠው።

ከመግዛቱ በላይ ግን ማስቀመጡ ነው ዋናው። ውድ ስፒከር ከስክሪን ጀርባ ተወሽቆ፣ ርካሹ በሥርዓት ተቀምጦ ሲወዳደሩ ርካሹ ሊያሸንፍ ይችላል።

መጀመሪያ ሦስት ማዕዘኑ። ሁለቱ ስፒከሮችና የአድማጩ ጭንቅላት እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ጠረጴዛ ላይ በስፒከሮቹ መካከል 70 ሳንቲም፣ ከእያንዳንዳቸው እስከ ጆሮ 70 ሳንቲም ማድረግ ይቻላል። ባለ 24 ኢንች ስክሪን ወርዱ 53 ሳንቲም ገደማ ስለሆነ ቀጠን ያሉ ስፒከሮች ከሆኑ መሃላቸው ይገባል። ፊታቸው ወደ አድማጩ ዘወር ይበል።

ሁለተኛ ከፍታው። በስፒከር ላይ ያለችው ትንሿ ክብ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣ ናት፤ የ«ጠ» ፍንዳታና የ«ሰ» ፉጨት በአብዛኛው የሚወጡት ከእሷ ነው። ቀጭን ድምፅ እንደ ባትሪ መብራት ነው፤ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከጠረጴዛው 40 ሳንቲም ያህል ከፍ ይላል፤ ትንሽ ስፒከር ግን የሚናገረው ለደረቱ ነው። መፍትሔው ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ከሥሩ ማድረግ፣ ወይም ፊቱን ቀና ማድረግ ነው። ከሥሩ ቁራጭ ስፖንጅ ቢገባ ደግሞ ጠረጴዛው አብሮ መንቀጥቀጡን ይቀንሳል። ከፍ ማለቱ ሌላም ጥቅም አለው። ከጠረጴዛው ገጽ ነጥሮ ዘግይቶ የሚደርሰው ድምፅ ከዋናው ጋር ሲጋጭ ንግግሩን በርሜል ውስጥ የተነገረ ያስመስለዋል፤ ስፒከሩ ከፍና ቀና ሲል ይህ ይቀንሳል።

ሦስተኛ ግድግዳው። ስፒከር ወደ ግድግዳ በተጠጋ ቁጥር ባሱ ያብጣል፤ ማዕዘን ውስጥ ሲገባ ይብሳል። ያበጠ ባስ የቃላቱን ጫፍ ይሸፍናል። አንዱ ስፒከር ማዕዘን ላይ፣ ሌላው ገላጣ ቦታ ላይ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ አይመሳሰሉም። አምስትም አሥርም ሳንቲም ቢሆን ከግድግዳው ማራቅ፣ ካልተቻለ ባሱን ከኮምፒውተሩ መቀነስ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። የአንድ ሰው ንግግር ብቻ ያለበትን ቅጂ ከሁለቱም እኩል ማስወጣት። ንግግሩ ስፒከር ከሌለበት ከመሃል፣ ከስክሪኑ ላይ የሚመጣ ከመሰለ አቀማመጡ ተስተካክሏል። ይህን የሁለት ስፒከር አሠራር እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን በፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ድምፁ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ አንዱ ቀርቧል ማለት ነው። የትም የሌለ ያህል ከተበተነ ደግሞ የአንዱ ቀይና ጥቁር ገመድ ተገላብጦ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ አንድ የሚቀር ነገር አለ፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ጠረጴዛው የተጠጋበት ግድግዳ የጎረቤትም ግድግዳ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር አንድ ጋዜጠኛን ጎረቤቱ እናት ደረጃ ላይ አስቆሙት።

«አንተ ልጅ፣ ያቺ የምታለቅሰው ልጅ ጉዳይዋ ምን ደረሰላት?»

«የቷን ነው የሚሉኝ እማማ?»

«ያቺ አሠሪዋ ደመወዟን የከለከላት። ሌሊት ደጋግመህ ስትሰማት ነበር እኮ። አንጀቴን በላችው።»

ልጅቷ ስሟ እንዳይገለጽ ቃል ተገብቶላት ነበር። እማማ ክፋት የላቸውም፤ አዝነው ነው የጠየቁት። ግን ምስጢሩ በግድግዳና በመስኮት አልፎ ወጥቷል፤ ቀጥሎ የሚሰማው ሰው እንደ እማማ ደግ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ምንጩ መደበቅ ያለበት ቅጂ በስፒከር አይሰማም፤ በጆሮ ማዳመጫ ነው የሚሰማው። ለዚያም ልክ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ገደብ በ80 ዲሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ ጆሮ ላይ ደፍቶ መዋል ሙያውን በጆሮ መክፈል ነው። ሌላው ሥራ በስፒከር፣ በዝግታ፣ በቅርበት ይሰማ።

ጉዳዩ የጋዜጠኞች ብቻ አይደለም። በየጊዜው «ሾልኮ የወጣ» የተባለ ድምፅ በስልካችን ይደርሰናል። በስልኩ የራሱ ማጉያ ሰምተን፣ በሁለት ደቂቃ ፈርደን፣ ለአሥር ሰው እናስተላልፋለን። የስልክ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም፤ ከንግግሩ ሥር ያለው የጄነሬተር ጉርምርምታ አይሰማም። ቅጂው ተቆርጦ ከተቀጠለ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው እሱ ነው፦ ጉርምርምታው በአንድ ቃል መሃል ድንገት ይቋረጣል፣ ወይም ይለወጣል። ደህና በተቀመጡ ሁለት ስፒከሮች ፊት ለፊት የሚሰማ ሰው ይህን የመያዝ ዕድል አለው። ካልያዘውም ቢያንስ ለማስተላለፍ አይቸኩልም።

ስፒከር ተአምር አይሠራም። መደበኛው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ የቀረውን የትኛውም ዕቃ አይመልሰውም። አንዳንዱ «መጣ» የቱንም ያህል ቢደጋገም «መታ»ን እንደመሰለ ይቀራል። ነገር ግን ጥሩ አቀማመጥ አንድ ትልቅ ነገር ይሰጣል፦ ያልተሰማው ነገር ከስፒከሩ ጥፋት ሳይሆን ከቅጂው ጉድለት መሆኑን ያሳያል። ያን ጊዜ የሚቀረው ሥራ የታወቀ ነው። ስልኩን አንስቶ፣ «ይቅርታ እናቴ፣ ጥበቃው ቀድሞ ምን አደረገ ነበር ያሉኝ?» ብሎ መጠየቅ።