ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። የደወለችው በአሜሪካ አገር፣ በሜሪላንድ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ነበረች። በሌሊት የሚደወል ስልክ ደግ ወሬ አያመጣምና ልቤ ድንግጥ አለ። «እትዬ፤ ሁላችንም ደህና ነን፤ አትደንግጪ» አለችኝና የጨነቃትን አጫወተችኝ። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጇ ጎበዝ የእግር ኳስ ተጫዋች ነው። አንድ ወኪል ነኝ ባይ «ጀርመን ወስጄ ለሙከራ አስገባዋለሁ፤ ከተሳካለት አሁኑኑ እዚያው ይቀራል» ብሎ ቀብድ እንድትከፍል ጠይቋታል። ልጁም «ካልሄድኩ ዕድሌ አለቀ» ብሎ አኩርፏል። እርስዋ ቀን አንድ ቦታ፣ ማታ ሌላ ቦታ እየሠራች ልጅ የምታሳድግ እናት ናት። «ምን ይሻለኛል?» አለችኝ።

እኔም ሳላስብ «ይሂድ እንጂ!» አልኋት።

እንዲህ ያሰኘኝ የራሴ ቁስል ነበር። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በትምህርት ቤታችን የመረብ ኳስ ቡድን ውስጥ እጫወት ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ አሠልጣኝ አይቶ ሲመርጠኝ እናቴ «ሴት ልጅ ኳስ ተከትላ አገር አታቋርጥም» ብላ ነገሩን በአንድ ቃል ዘጋችው። ያ ቃል እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ለካ ለእህቴ የሰጠሁት መልስ ለእናቴ ያልመለስኩት መልስ ኖሯል። ሲነጋ ሐሳብ ገባኝ። በማላውቀው ነገር የሰው ልጅ መላኬ አሳፈረኝና ስለ ጉዳዩ የተጻፈውን ማንበብ፣ የሚያውቁትንም መጠየቅ ጀመርኩ። ብዙዎቻችን በውጭ አገር እህት ወይም ወንድም አለንና ያገኘሁትን ለእናቶች ላካፍል።

በመጀመሪያ ያወቅሁት ሕጉን ነው። በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን (ፊፋ) ደንብ መሠረት 18 ዓመት ያልሞላው ተጫዋች ከአንድ አገር ክለብ ወደ ሌላ አገር ክለብ አይዛወርም። ደንቡ የወጣው ልጆች በተስፋ ቃል ባሕር ተሻግረው ሜዳ ላይ እንዳይጣሉ ነው። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት አገር ሲቀይሩ ልጁ ሊመዘገብ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜግነት ያለው ልጅም በኅብረቱ ውስጥ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ሊፈቀድለት ይችላል። ከፔንሲልቬኒያ የተነሣው ክርስቲያን ፑሊሲች በ16 ዓመቱ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ወደ ጀርመኑ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ ለመግባት የቻለው በአያቱ በኩል የክሮኤሺያ ፓስፖርት ስላገኘ ነው። ያን ጊዜም ብቻውን አልሄደም፤ አባቱ አብሮት ዶርትሙንድ ከተማ ተቀምጧል። የእንግሊዝ በር ደግሞ አገሪቱ ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ፣ ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ የውጭ አገር ተጫዋቾች ተዘግቷል። የእህቴ ልጅ ያለው የአሜሪካ ፓስፖርት ብቻ ነው። እንግዲህ ያ ሰው «አሁኑኑ ይቀራል» ሲል ወይ ደንቡን አያውቅም፣ ወይ ደብቋል።

ሁለተኛው የትምህርት ነገር ነው። በአሜሪካ ኳስ የሚችል ልጅ በዩኒቨርሲቲ ቡድን እየተጫወተ የትምህርት ክፍያው በሙሉ ወይም በከፊል ሊሸፈንለት ይችላል። ከክለብ ጋር የደመወዝ ውል ከፈረመ ግን ይህን ዕድል ሊያጣው ይችላል። በሌላ በኩል የልጁም ጭንቀት መሠረት የሌለው አይደለም። በአውሮፓ ወንዶች ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በክለብ ትምህርት ቤት ስለሚሠለጥኑ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ በ22 ዓመቱ ለሚመጣ እንግዳ ቦታ ማግኘት ይከብደዋል። በሴቶች በኩል ሁኔታው ይለያል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች ቡድኖች ጠንካሮች በመሆናቸው ከዚያ ወጥቶ ታላቅ ክለብ መግባት የተለመደ ነው።

ሁለቱንም መንገድ የኢትዮጵያውያን ልጆች ሄደውባቸዋል። ጌድዮን ዘላለም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በ1997 በርሊን ተወልዶ በዘጠኝ ዓመቱ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ መጣ። በ2013 በ16 ዓመቱ ወደ ለንደኑ አርሰናል ሄደ፤ በ2014 ከዋናው ቡድን ጋር ተሰልፎም ተጫወተ። የጀርመን ፓስፖርቱ መንገዱን ከፍቶለት ነበር። ነገር ግን በ2017 በደቡብ ኮሪያ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ለአሜሪካ ሲጫወት ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ። በ2019ም በእንግሊዝ ፕሬሚየር ሊግ ሳይሰለፍ ወደ አሜሪካ ሊግ ተመለሰ። ይህን ውድቀት ብዬ አልጽፈውም፤ እዚያ ለመድረስ የሚችለው ከሺህ አንድ ነውና። ነገር ግን ሁሉም ነገር በአንድ ጉልበት ላይ ሲንጠለጠል እናት ምን ይሰማታል?

ናኦሚ ግርማ ደግሞ በ2000 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳን ሆዜ ከተማ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደች። ኳስን የለመደችው አባቷና ሌሎች ወላጆች ለአካባቢው የኢትዮጵያውያን ልጆች ባቋቋሙት «ማለዳ» በተባለው ቡድን ነው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተማረች፤ ለ2022 የውድድር ዘመን በተደረገው የአሜሪካ የሴቶች ሊግ ምልመላ የመጀመሪያዋ ተመራጭ ሆነች፤ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች። አውሮፓ የሄደችው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ24 ዓመቷ ነው። በጥር ወር 2025 ቼልሲ ሲወስዳት ለዝውውሯ የተከፈለው 1.1 ሚሊዮን ዶላር በጊዜው በሴቶች እግር ኳስ ከፍተኛው ነበር። ዲግሪዋን ይዛ ነው የሄደችው። ሆኖም ሌላው መንገድም ፍሬ አለው። ሊንዚ ሆራን በ2012 የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን ዕድል ትታ በ18 ዓመቷ ወደ ፓሪስ ሳን ዠርማን ሄደች፤ በ2019ም ከአሜሪካ ቡድን ጋር የዓለም ዋንጫን አነሣች።

ሌላም ትምህርት አለ። ሪካርዶ ፔፒ የሚባል የቴክሳስ ልጅ በጥር ወር 2022 በ18 ዓመቱ ወደ ጀርመኑ አውግስቡርግ በብዙ ገንዘብ ተሸጦ እስከ ውድድሩ ዘመን መጨረሻ አንድም ጎል አላገባም። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሆላንዱ ግሮኒንገን በውሰት ሲሄድ ግን በሊጉ 12 ጎል አስቆጠረ። ለወጣት ተጫዋች ከክለቡ ስምና ከሊጉ ዝና ይልቅ በየሳምንቱ ሜዳ የሚገባበት ቦታ ይሻለዋል።

ከዚህ በኋላ ለእህቴ ደወልኩና ልጁንም ወደ ስልኩ እንድታቀርበው ነገርኋት። ቀብዱ እንዳይከፈል ተስማማን። ከዚያም ሦስታችን እነዚህን ጥያቄዎች ጻፍን፦ ወኪሉ የፊፋ ፈቃድ አለው ወይ? ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ለመወከል የወላጅ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋልና የእናቲቱን ፊርማ ለምን ሳይጠይቅ ለገንዘቡ ቸኮለ? ክለቡ ራሱ በስሙ ደብዳቤ ጽፏል ወይ? ልጁ ከማን ጋር ይኖራል፤ ቋንቋውን ማን ያስተምረዋል? ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል? ውሉ የትምህርት ወጪ ይጨምራል ወይ? ካልተሳካለት መመለሻው ምንድን ነው? ሰውዬው ጥያቄዎቹ ከደረሱት ወዲህ ስልክ አያነሣም።

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። ይህ ማለት ግን ሊጡን ከእጁ ቀምቶ መድፋት አይደለም። የእህቴ ልጅ አሁን የ12ኛ ክፍል ትምህርቱን እየጨረሰ ነው። 18 ዓመት ሲሞላው ደብዳቤ የሚልክ ክለብ ከተገኘ እናቱ ፈቃድ ወስዳ አብራው ትሄዳለች፤ ካልተገኘም የዩኒቨርሲቲው በር ክፍት ነው። የቀብዱም ገንዘብ ለዚያ ጉዞ ተቀምጧል።

አንድ ቀን ልጁ «አክስቴ፤ አንቺ ብትሄጂ ኖሮ ትልቅ ተጫዋች ትሆኚ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «እንጃ ልጄ፤ ምናልባት አልሆንም ነበር» አልኩት። እናቴ እምቢ ማለቷን ዛሬ ይቅር ብያታለሁ። አላገባም፤ ሰውዬው ማን እንደሆነ፣ የት እንደማድር፣ ትምህርቴ ምን እንደሚሆን አንዲት ጥያቄ ሳትጠይቅ እምቢ ማለቷ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። እኔም ያን ሌሊት እንደ እርስዋ ሳልጠይቅ እሺ ብዬ ነበር። እህቶቼ፤ ልጃችን ልሂድ ሲለን ከእሺም ከእምቢም በፊት አብረን ቁጭ ብለን እንጠይቅ።